ሰሌን የተነጠፈበት የባስ መስመር

ጋረደው ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲያዞር የኖረ ሰው ነው። ሆኖም ፈጣኑን ባስ መጀመሪያ የነዳ ዕለት ሹፌሩ ራሱ መሆኑን ረስቶ እንደ ተሳፋሪ ሲገረም ዋለ ብለው ገዳሪፎች ይስቁበታል። ቢስቁም እውነታቸውን ነው። በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ መኪና ማለት ከአህያ ጋሪ፣ ርክሻ ከሚሉት ባጃጅ፣ ከፍየልና ከሰው ጋር እየተጋፋ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ሹፌሩም እየተሳደበ የሚሄድ ነገር ነው። እንግዲህ ለባስ ብቻ የተለየ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ የታጠረ መንገድ ተሠራና አንድ ቀን የጋረደው ፊት ባዶ ሆነ። ከሰሊጥ ገበያው እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ማንም አልገባበትም። እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ዘላ የምትገባ ፍየል ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሆስፒታሉ በር ደረሰ።

«ወይ አንተ አምላክ! መንገድ እንዲህም ይሆናል?» አለ ጮክ ብሎ። ተሳፋሪው አጨበጨበለት።

ሰዉ በበኩሉ ባሱን ለመልመድ ፍዳውን አየ። ሱዳን ውስጥ መውረድ የፈለገ ተሳፋሪ ጣቱን ያጮሃል፤ ሃፍላ የሚሉት ትንሹ አውቶቡስም እዚያው ቀጥ ይላል። ፈጣኑ ባስ ግን ከተሠራለት መቆሚያ ሌላ ቦታ አይቆምም። በመጀመሪያው ሰሞን ሰዉ ጣቱ እስኪላጥ ያጮሃል፣ ባሱ ይነጉዳል። አማቷ ቤት ልትወርድ ያሰበች ሴት ሆስፒታል በር ተራግፋ የጋረደውን ዘር ማንዘር ትረግማለች። እሱ ግን እርግማኑም አይሰማውም ነበር፤ ልቡ መንገዱ ላይ ነው። ካርቱም በጦርነት ስትነድ የሸሸው ሁሉ ገዳሪፍ ላይ ስለተራገፈ ከተማዋ እንደ ቦካ ሊጥ ከቡሃቃዋ ፈስሳ ነበርና፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ማየት ለሱ ተአምር ነበር።

እንዲህ የሚደነቅበት ምክንያት አለው። ጋረደው በሰባ ሰባቱ ረሃብ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በመተማ በኩል የገባ ልጅ ነው። ከፍ ሲል ሳህን ይዞ የእርዳታ እህል ሰልፍ ላይ መቆምን ለመደ፤ ለመደ ይባል እንጂ እሱስ አልለመደውም። ወፍጮ የሚገፋ ጉልበት ሲያወጣ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርዶ የሰሊጥ ጆንያ ተሸከመ፤ ከዚያ የጭነት መኪና ረዳት፣ ከዚያ ሹፌር ሆነ። የዝናቡ ወቅት፣ ኸሪፍ የሚሉት፣ ሲገባ የዚያ አገር ጥቁር ዋልካ መኪናን ይውጣል። መሬቱ እስኪደርቅ ድረስ ከሰመጠ መኪናው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ዝናብ የቆጠረ ሰው፣ ጠጠር የለበሰ ንጹሕ መስመር ሲያይ ቢያለቅስስ ምን ይፈረድበታል?

ትልቁ ጉዳይ ግን የሚስቱ የአሰፋሽ ነገር ነው። አሰፋሽ ኩላሊቷ ከደከመ ቆይቷል። በሳምንት ሁለቴ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ካልታጠበ ሰውነቷ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ቤታቸው ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ፈጣኑ ባስ የሚነሳበት አስፋልት ከዚያ ሩቅ ነው፤ በመካከሉ ያለው ሁሉ ዋልካ ነው። በበጋ በርክሻ ትወጣለች። ባለፈው ኸሪፍ ግን ርክሻው ጭቃው ውስጥ ተተከለ፣ ሌላውም ተተከለ፣ እሷም እጥበቷ ቀረባት። ዓይኗ እስኪደፈን ድረስ ፊቷ አበጠ። በመጨረሻ እንደምንም ስትደርስ ሐኪሙ ጋረደውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «እንዲህ ያለ ኸሪፍ ሁለተኛ አትሻገርም» አለው። ከዚያ ወዲህ ጋረደው ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ደጅ ወጥቶ መሬቱን በእግሩ ይሞክር ጀመር።

ይህን ሁሉ ጎረቤት አያውቅም። በእጥበት ቀን የት ወጣችሁ ሲሏቸው፣ «እህቷ ጋ፣ ገበያ ሰፈር» ይላል ጋረደው ሳያፍር።

«ጋሬ፣» ትለዋለች አሰፋሽ፣ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ምናለ ብትነግራቸው?»

«ነግሬስ? ደግሞ እንደ ልጅነቴ ሳህን ይዤ ልቁም? ሰው እጄን ዘርግቼ አያየኝም።»

ኩራቱ ኩራት መሆኑ ነው። የሚያስከፍለው ግን እሷን ነበር።

የካቲት ውስጥ ከፖርት ሱዳን አንዲት መሐንዲስ መጣች፤ ራሒማ ትባላለች። የፈጣኑን ባስ ሥራ ማሻሻል የሷ ኃላፊነት ነው። ሹፌሮቹንና የየሰፈሩን ሰው ኒም ዛፍ ሥር ሰብስባ፣ «ምን ይስተካከል?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ጥላ ይሠራልን አለ፤ ለአሮጊቶች መወጣጫው ዝቅ ይበል አለ፤ አንዱ ጣት የሚሰማ ሹፌር ይቀጠርልን አለና ሁሉም ሳቀ። ራሒማ አልሳቀችም፤ ጻፈችው። ከዚያ ዋናውን ነገር አወጣች። መስመሩ ሊረዝም ነው። ሆኖም ከኸሪፍ በፊት ያለው ጠጠር የሚበቃው ለአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ወይ ለምዕራቡ፣ ትልቁ የእህል ጎተራ ላለበት፣ ወይ ለምሥራቁ።

«ሁለቱንም ጫፍ በኖራ አስምረን እንሞክራለን» አለች በአረብኛ። «በሚከፋው ሰዓት፣ በረመዳን፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል። ከዳር ተነስቶ ሆስፒታል ቶሎ የደረሰው ይቀድማል። የዘገየው ከዝናቡ በኋላ ይታያል።»

ጋረደው ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «ባሽሙሀንዲሳ፣ ምሥራቁን እኔ ልንዳው» አለ። መሐንዲስን እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚጠሯት። ለምን እንደፈለገው አልጠየቀችውም፤ ሰፈሩ መሆኑን ታውቃለች። ከኸሪፍ በፊት ያ ጠጠር በሱ በር ካላለፈ አሰፋሽን እንደሚቀብራት ግን አታውቅም።

ምዕራቡ ቀድሞ ተሞከረና ደህና ሆነ። ለምሥራቁ የቀረ አንድ ጣጣ ነበር። በረመዳን የሱዳን ሰው ቤቱ ውስጥ ተደብቆ አያፈጥርም። ወንዱ ሁሉ ትሪውን ይዞ ከደጁ ይወጣል፣ መንገድ ዳር ሰሌን ያነጥፋል፣ ጀንበር ስትጠልቅ መንገድ ላይ ያለን መንገደኛ ጠልፎ ያበላል። ጥምጣሙን ፈቶ መንገዱ ላይ እንደ ገመድ ወጥሮ መኪና የሚያስቆም አለ፤ እምቢ ያለ መንገደኛ እንደ ሰደበው ይቆጥረዋል። ደግሞ ያ የተደለደለ፣ በኖራ የተሰመረ የባስ መስመር ለሰሌን ይመቻል። መሐንዲሶቹ ለባስ ሠራነው ይበሉ እንጂ ሰፈርተኛው ለእራቱ የተሠራ መስሎት ነበር።

ጋረደው ስለዚህ በዋዜማው ሐጂ ሱለይማን ጋ ሄደ። ሐጂ ሱለይማን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ከጎንደር በኩል በልጅነት የመጡ፣ አማርኛቸው ግን በአረብኛ የተቀየጠ፣ ልባቸው ፈጽሞ ሱዳን የሆነ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከጋረደው ቤት ጋር አጥር ይጋራል።

«ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ። ጥማቱ ነው እንጂ ረሃቡስ ምን አለው። ቁጭ በል፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

ስለ ሰሊጥ ዋጋ አወሩ፤ ከሰላ ስላለው የሐጂ ልጅ አወሩ። ጋረደው ነገሩን እንዴት ያውጣው? ሰው አታብሉ ብሎ ለሐጂ ሱለይማን መንገር ጺማቸውን ይላጩ እንደማለት ነው። «ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው፣ መንገዱን ልቀቁልኝ» ማለትስ? እሱማ አይሞከርም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብሎ ያደገ ሰው ዙሪያውን ነው የሚሄደው።

«ነገ ማምሻውን ባሱ ላይ እንግዶች አሉብኝ፣ ሐጂ። ከፖርት ሱዳን የመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የማልፈውም በዚሁ በእናንተ በኩል ነው።»

ሐጂ ሱለይማን ቀና አሉ። «በኛ በኩል? በአዛን ሰዓት?»

«አዎ። ደግሞ ቸኩለዋል። እንግዲህ መንገዱን… እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ እንጂ! ይኼን ነግረኸኝ ነው? ኻላስ፣ አለቀ፣ ለኔ ተወው!» ብለው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

ጋረደው ቤቱ ገብቶ ለአሰፋሽ፣ «ጨርሻለሁ፣ ሐጂ ገብቷቸዋል» አላት። የተኛው እንቅልፍ የአንድ ወር እንቅልፍ ነበር። ምስኪን! የረመዳን ሱዳናዊ ፊት «እንግዳ» የሚል ቃል ጥሎ መንገድ ይለቀቅልኛል ብሎ የሚተኛ ከሱ በቀር ማን አለ?

በማግስቱ ራሒማና ባልደረቦቿ ሰዓታቸውን ይዘው ከምሥራቁ ጫፍ ተሳፈሩ። ጋረደው መሪውን እንደ ታቦት ነው የያዘው። የመጀመሪያው ክፍል በውኃ ላይ እንደ መሄድ ሆነለት፤ ራሒማ ከኋላው፣ «ከምዕራቡ እየበለጥን ነው» ስትል ሰማና ፈገግ አለ። ከዚያ መስጊዱን ታጠፈ።

መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ሰሌን ከሰሌን ተቀጣጥሎ፣ ትሪ ከትሪ ተደርድሮ፣ ዓይን እስከሚያይበት ተነጥፏል። የዓሲዳው ገንፎ ይጨሳል፤ የታረደው በግ ጭንቅላት ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጥምጣማቸውን መንገዱ ላይ ወጥረው ቆመዋል። ከፊታቸው ሐጂ ሱለይማን የበዓል ጀለቢያቸውን ለብሰው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«እህለን ወሰህለን! እንኳን ደህና መጣችሁ እንግዶቻችን!»

ጋረደው ፍሬኑን ሲረግጥ ልቡም አብሮ ቆመ። ሐጂ የሰፈራቸውን ሰው ብቻ መች ነገሩ፤ «ከፖርት ሱዳን የመጣ እንግዳ ሊያልፍ ነው» ብለው እስከ አስፋልቱ ድረስ ላለው ሰፈር ሁሉ ልከውበት ነበር። አንዱ ሰፈር ከአንዱ ላለማነስ ሰሌኑን ወደ መሀል ገፍቶታል።

«ያ ዓሚ ጋረደው፣ አጎቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች ራሒማ ሰዓቷን እያየች።

ሐጂ መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። «ውረዱ! ሳትፈጥሩ ካለፋችሁ ሚስቴ ፈት ትሁን!» ብለው ማሉ። የሱዳን ሰው እንግዳ ለማስቀረት በሚስቱ ፍች ይምላል፤ መሐላው ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ጋረደው ከባሱ ዘሎ ወረደ። አርባ ዓመት ሙሉ በልቡ ያጠራቀመው ሁሉ አንድ ጊዜ አፉ ላይ መጣ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ሚስትዎን በቃል ይፈታሉ፤ የኔ ሚስት ግን በእውነት ልትሞት ነው! አሰፋሽ ኩላሊቷ አልቋል። ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች፣ ኸሪፍ ሲገባ ደግሞ አትደርስም። ይኼ ባስ ዛሬ ከቀደመ ጠጠሩ ወደኛ ይመጣ ነበር። መንገዱን ልቀቁልኝ ልልዎት ነበር ትናንት የመጣሁት! አፍሬ ነው! ልቀቁልኝ ማለት አፍሬ ነው!»

በአማርኛ ጀምሮ በአረብኛ ነው የጨረሰው፤ ያልሰማ አልነበረም። ሐጂ ሱለይማን እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«አሰፋሽ? የኛ አሰፋሽ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በዚያው ቅጽበት መስጊዱ አዛን አለ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሐሩር ውኃ ያልቀመሰ ሕዝብ እጁን ወደ ጽዋው ሲሰድድ፣ ሐጂ ዞር ብለው ከዚያ ሽማግሌ አንገት ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ ጮኹ። «አንሡ! ሰሌኑን አንሡ! የሰው ነፍስ ነው፣ መንገድ ልቀቁ!» ከዚያ ከትሪው እፍኝ ቴምር አፍሰው በመስኮት ለራሒማና ለባልደረቦቿ አደሉ። «በአላህ፣ መሐላዬ እንዳይደርስብኝ አንዳንድ ፍሬ ብሉልኝ፤ ሚስቴን ትታችሁልኝ ሂዱ።» እነ ራሒማም በሉላቸው።

ጋረደው ወደ መሪው ተመለሰ። ቀና ሲል ያየውን እስከ ዛሬ ለመናገር ሲሞክር ቃል ያጥረዋል። ውኃው ከንፈሩ የደረሰ ሰው ውኃውን መሬት አስቀመጠ። ቴምር አፉ ውስጥ የከተተ ሳያላምጥ ተነሣ። ትሪውን በራሱ ላይ፣ ሰሌኑን በክንዱ አደረገና ወደ ዳር ወጣ። «መንገድ ልቀቁ!» የሚለው ጩኸት ከሰሌን ወደ ሰሌን እየተቀባበለ ከባሱ ቀድሞ ይሮጣል፤ ባሱ ከመድረሱ በፊት ቀጣዩ ሰፈር ተነሥቶ ቆሟል። ለምን እንደሚነሣ ያልሰማውም ተነሥቷል። ጋረደው ግራና ቀኝ እየተገለጠለት ነዳ። ትሪ የተሸከሙ፣ ከንፈራቸው የደረቀ፣ ገና ያልቀመሱ ሰዎች በሁለት ወገን ቆመው ያሳልፉታል። አንዳቸውም አላማረሩም። ከመካከላቸው ካርቱምን ጥለው በባዶ እጃቸው የመጡ አሉ፤ ያችን ትሪ ለመሙላት ቀኑን የዋሉባት አሉ። ጋረደው እንባው መንገዱን እየጋረደበት፣ «ጌታዬ፣ ይኼን ሁሉ ሕዝብ ያለጠባቂ፣ ያለፖሊስ ማን አነሣው?» ይል ነበር። ከኋላው ራሒማ ሰዓቷን ማየት ትታ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ደረሱ። ዘግይተው ነበር።

ራሒማ የምትዋሽ ሰው አይደለችም። «ሰዓቱ ያሳየውን ነው የምጽፈው» አለችው በሳምንቱ ስትጠራው። ተከራክራለች፤ ያየችውን ጽፋለች፤ መስመሩ በብረት አጥር ሊታጠር የነበረውን ይቅር ብላ አስቀርታለች፤ በረመዳን ባሱ በአዛን ሰዓት ቆሞ እንዲያፈጥር አዲስ ሰዓት አውጥታለች። «የዘንድሮው ጠጠር ግን ለምዕራቡ ሆነ። ምሥራቁ ከዝናቡ በኋላ ነው። ይቅርታ፣ ያ ዓሚ።» ጋረደው፣ «እርስዎ ምን አደረጉ» ብሎ ወጣ።

ሐጂ ሱለይማን ከዚያ ቀን ጀምረው አኩርፈውታል። ጋረደው ውሳኔውን ሊነግራቸው ሄዶ፣ «ሐጂ፣ በመንገዱ ነገር ከተቀየሙኝ…» ሲል አቋረጡት።

«መንገድ ምን ያደርግልኛል! ዕድሜያችንን ሙሉ አጥር ለአጥር ኖረን፣ ጎረቤቴ መታመሟን ከመንገድ ላይ ጩኸት ልስማ? ልጆቼን ያዋለደችልኝ አሰፋሽ አይደለችም? እኔ ለማላውቀው መንገደኛ በግ አርዳለሁ፤ አንተ ግን ለኔ አንድ ቃል ነፈግከኝ። ሂድልኝ።»

ሄደ። ያን ዕለት ካሉት ሁሉ የሚያመው እውነት መሆኑ ነበር።

ኸሪፍ እንደ ልማዱ መጣ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለው በአሰፋሽ የእጥበት ቀን ዋዜማ ነው። ሲነጋ ጋረደው በሩን ከፍቶ አየ፤ የኖራው ምልክት የለም፣ መንገድ የለም፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ተራው የሱ ስላልነበር ባሱን ሌላ ሹፌር ይዞታል። አሰፋሽ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል። አዝሏት ሊወጣ ጎንበስ ሲል ከውጭ ኮቴ ሰማ።

ሐጂ ሱለይማን ናቸው። ጀለቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ከኋላቸው አንገረብ፣ ያ በገመድ የተሠራ አልጋ፣ በትከሻቸው የያዙ ወንዶች አሉ። ከነሱ ወዲያ፣ ጭቃው መሀል ራቅ ራቅ ብለው፣ ሌሎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከነሱም ወዲያ ሌሎች፤ ሰፈር ከሰፈር ሊቀባበላት እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሟል። ጋረደው ዓይኑን አላመነም። ዝናቡ ገና ያካፋ ነበር፤ አንድም ሰው ጥላ አልያዘም።

«ማን… ማን ጠራችሁ?» አለ።

«አንተማ አትጠራም!» አሉ ሐጂ ሱለይማን። «አንተን ብንጠብቅ ኖሮ የምትጠራን ለቀብሯ ነበር።» ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣሩ። «አሰፋሽ፣ ነይ እናቴ። ባሱ ቆሞልሻል።»

አሰፋሽ ወጥታ አንገረቡ ላይ ተጋደመችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጋረደው ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባና፣ ሐጂ ሱለይማንን፣ «እባክዎ፣ የአልጋውን አንዱን እግር ለኔ ይስጡኝ» አላቸው።